ቁጥር የሌለው መልስ




በኢትዮጵያ ውስጥ በማናቸውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ደብዳቤ ወጪ ሲደረግ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ መልስ ሲጻፍለትም መልሱ «በቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን ለተጻፈው ደብዳቤ» ብሎ ይጀምራል። በዚህም ምክንያት መልሱ ከሦስት ወር በኋላ ቢደርስ እንኳ የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ አያጠራጥርም። መዝገብ ቤቱ ፋይሉን አውጥቶ ከጥያቄው ጋር ያያይዘዋል፤ ጉዳዩም በዚያው ያበቃል።

የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የማይሰጥበትን የመልእክት ልውውጥ ነው። ሬዲስ በተባለው የመረጃ ቋትና በእርሱ በሚገለገሉ ፕሮግራሞች መካከል በየሴኮንዱ ብዙ ሺህ ጥያቄና መልስ ይመላለሳል። ከመልሶቹ አንዱም እንኳ የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ የሚናገር ምልክት በላዩ የለበትም። መልስ ከጥያቄው ጋር የሚገናኘው በተራው ብቻ ነው፤ ፊት ለተጠየቀው ፊት ይመለስለታል። ይህን ተራ የመጠበቅ አደራ የተጣለበት ደግሞ በሙያው አነጋገር ክላየንት ላይብረሪ የሚባለው፣ አብዛኛው ፕሮግራመር በአንድ መስመር ትእዛዝ ወደ ሥራው አስገብቶ ዳግመኛ ዘወር ብሎ የማያየው የሶፍትዌር ክፍል ነው። ተራው የተፋለሰ እንደሆነ የአንዱ ሰው ጉዳይ በሌላው ሰው ፊት ይዘረጋል። ይህም በግምት የሚነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 በዓለም ሁሉ ፊት የደረሰ ነው። ወደዚያ ከመድረስ በፊት ግን ስለ ቋቱና ስለ መስመሩ ጥቂት መባል አለበት።

የሬዲስ ደራሲ ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ የተባሉ የሲሲሊ ሰው ናቸው። የድረ ገጽ ጎብኚዎችን እግር በእግር እየተከታተለ የሚያሳይ አንድ አነስተኛ አገልግሎት ነበራቸው፤ በዲስክ ላይ የተመሠረተው የመረጃ ቋት ለዚያ ዓይነት ሥራ ስላልፈጠነላቸው፣ የመጀመሪያውን ንድፍ ቲክል በተባለው ቋንቋ፣ ቀጥሎም ዋናውን በሲ ቋንቋ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ አቀረቡት። ስሙ «የርቀት መዝገበ ቃላት ሰርቨር» የሚል ትርጉም ካላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት የተውጣጣ ሲሆን ጠባዩንም በሚገባ ይገልጻል። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ቃሉ ተፈልጎ ፍቺው እንደሚገኝ ሁሉ፣ በሬዲስም ቁልፉ ተጠርቶ ከቁልፉ ጋር የተቀመጠው ዋጋ ይገኛል። መረጃው የሚቀመጠው በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ ነው። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ አንድን ነገር ፈልጎ ማንበብ በሚሊ ሴኮንድ ሲቆጠር፣ ከሜሞሪ ማንበብ ግን በናኖ ሴኮንድ ይቆጠራልና የፍጥነቱ ምንጭ ይኸው ነው። ፈቃዱን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኩባንያው ለውጥ ስላደረገ ቫልኪ የተባለ ቅርንጫፍ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ተገንጥሎ ወጥቷል፤ በ2025 ደግሞ ሬዲስ ራሱ አንድ የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ በአማራጭነት መልሶ አቅርቧል። ሁለቱ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል የጋራ ስለሆነ ግን ልዩነታቸው የዛሬውን ጉዳይ አይነካውም።

አንድ ፕሮግራም ከሬዲስ ጋር ለመነጋገር መጀመሪያ መስመር መክፈት አለበት። የሚከፈተውም በቲሲፒ አማካይነት፣ እንደ ልማዱ በፖርት ቁጥር 6379 ላይ ነው። ይህ ቁጥር እንዲያው የተመረጠ አይደለም፤ በስልክ ቁልፎች ላይ የአንዲት የጣሊያን የቴሌቪዥን ዝነኛ ሴት የቤተሰብ ስም የሆነውን «ሜርዝ» የሚለውን ቃል የሚሰጥ የደራሲው ቀልድ ነው። አማርኛ አንባቢ ግን ፊደላቱን አየት ሲያደርግ «መርዝ» ብሎ ቢያነባቸው አይፈረድበትም፤ እንዲያውም ሳይጠቅመው አይቀርም። ይህ በር ያለ ይለፍ ቃል ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ሲገኝ ማንም መንገደኛ ገብቶ ቋቱን ሊያጥበው ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው በ3.2 ዝርያ ላይ የጥበቃ ሁኔታ የተጨመረው፣ በ2020 በወጣው በ6.0 ዝርያ ደግሞ የተጠቃሚዎች የሥልጣን ዝርዝርና የተመሰጠረ መስመር የተጨመሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

መስመሩ ከተከፈተ በኋላ ንግግሩ ሬስፕ በሚባለው ፕሮቶኮል ይካሄዳል። ሬስፕ እጅግ ቀላል ነው፤ አንድ ብርቱ ተማሪ በአንድ ቅዳሜና እሁድ አንብቦ ሊጽፈው ይችላል። ትእዛዙ በኮከብ ምልክት ይጀምርና ስንት ቃላት እንደሚከተሉ ይናገራል፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት የዶላር ምልክትና የቃሉ ርዝመት በባይት ይጻፋል፤ ቃሉም ይከተላል። ለምሳሌ አንድን ዋጋ ለማስቀመጥ የሚሰጠው ትእዛዝ «ሴት» የሚባለው ነው። (በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ሌላ ነገር መምሰሉ የትርጉም ዕዳ እንጂ የሬዲስ ጥፋት አይደለም።) የመልሱም ዓይነት በመጀመሪያው ምልክት ይታወቃል። የመደመር ምልክት ከሆነ ትእዛዙ ተፈጽሟል ማለት ነው፤ የመቀነስ ምልክት ከሆነ ስሕተት አለ፤ ሁለት ነጥብ ከሆነ የሚከተለው ሙሉ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ በአማርኛ የሚሠሩ ባለሙያዎችን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የሚጻፈው ርዝመት የባይት ርዝመት ነው እንጂ የፊደል ብዛት አይደለም። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ስለሚይዝ ሁለቱን አለመለየት ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። የግዕዝ ፊደል ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ በመስመሩ ላይ ግን ዘጠኝ ባይት ነው። በፓይተን፣ በጃቫም ሆነ በጃቫስክሪፕት የዚህን ቃል ርዝመት የጠየቀ ሰው ሦስት የሚል መልስ ያገኛል። እንግዲህ ያ ብርቱ ተማሪ የራሱን አገናኝ ጽፎ፣ ይህን ሦስት የሚል ቁጥር ከዶላር ምልክቱ ቀጥሎ አስቀመጠው እንበል። ሰርቨሩ የተነገረውን አምኖ ሦስት ባይት ያነብባል፤ ይህም «ሰ» የሚለው ፊደል ብቻ ነው። እርሱንም መዝግቦ «ተፈጽሟል» ብሎ ይመልሳል። በመስመሩ ላይ የቀረውን ርዝራዥ ደግሞ እንደ አዲስ ትእዛዝ ሊያነበው ይሞክርና «የማይታወቅ ትእዛዝ» የሚል ሁለተኛ መልስ ይልካል።

የቃሉ መቆረጥ ራሱ ጥፋት ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚከፋው ሁለተኛው መልስ ነው። አንድ ጥያቄ ሄዶ ሁለት መልስ መጣ። ፕሮግራሙ አንዱን ተቀብሎ ሄዷል፤ ሁለተኛው በመስመሩ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል። ቀጣዩ ጥያቄ በሚላክበት ጊዜ ፊት ለፊት የሚገኘው ይህ ያደረ መልስ ይሆናል፤ የቀጣዩ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ደግሞ ለሦስተኛው ጥያቄ ይደርሳል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በዚያ መስመር ላይ የሚያልፍ ሁሉ የሌላ ሰው መልስ እየተቀበለ ይኖራል። በስታዲየም ወንበር ላይ አንድ ሰው በስሕተት ከተቀመጠ ረድፉ ሁሉ አንድ አንድ ወንበር እንደሚገፋ ማለት ነው። እንግዲህ ባይት በትክክል መቁጠር ከላይብረሪው አገልግሎቶች የመጀመሪያው ሲሆን፣ በጥንቃቄ ተጽፎ ብዙ ሰው የፈተነውን ላይብረሪ ትቶ የራስን መጻፍ ለትምህርት ካልሆነ በቀር የማይመከረውም ስለዚህ ነው።

«ታዲያ መዝገብ ቤቱ እንደሚያደርገው ለጥያቄና ለመልሱ ቁጥር ለምን አልሰጡም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ አስፈላጊ ሆኖ ስላልታየ ነው። ቲሲፒ የላኩትን በላኩበት ቅደም ተከተል ያደርሳል። ሬዲስም ትእዛዞችን የሚፈጽመው አንዱን ከጨረሰ በኋላ ሌላውን እየተቀበለ ስለሆነ የአንድን መስመር መልሶች ቅደም ተከተል አያዛባም። በሁለቱም ጫፍ ተራው የተጠበቀ ከሆነ ቁጥር መስጠት ትርፍ ሸክም ነው። ይህ ውሳኔ ለፕሮቶኮሉ ቅለትንና ፍጥነትን ሰጥቶታልና እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም። ነገር ግን ዋጋው ሁሉ የወደቀው በላይብረሪው ትከሻ ላይ ነው።

ፍጥነቱ ምን ያህል እንደሚያተርፍ በአንድ ስሌት ማየት ይቻላል። በአዲስ አበባ ያለ ፕሮግራም ፍራንክፈርት ከተቀመጠ ሰርቨር ጋር ይነጋገራል እንበል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሴኮንድ የሚጓዘው 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ገመዱ እንደ ንብ ቀጥ ብሎ ቢሄድ እንኳ፣ አይሄድም እንጂ፣ ደርሶ መልሱ ከ53 ሚሊ ሴኮንድ በታች ሊሆን አይችልም። ሬዲስ ትእዛዙን በጥቂት ማይክሮ ሴኮንድ ቢፈጽመውም ለውጥ የለውም፤ አንድ ሺህ ትእዛዝ አንድ በአንድ እየላኩ መልስ የሚጠብቁ ከሆነ 53 ሴኮንድ በመንገድ ያልቃል። ተራው የታወቀ በመሆኑ ግን መልስ ሳይጠብቁ ሺውንም አከታትሎ መላክ፣ ከዚያም ሺውን መልስ በቅደም ተከተላቸው መሰብሰብ ይቻላል። ፕሮግራመሮች ይህን ፓይፕላይን ይሉታል። 53 ሴኮንዱ ወደ ሴኮንድ ክፋይ ይወርዳል። እርግጥ ሬዲስን ከፕሮግራሙ ጎን፣ በአንድ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ማስቀመጥ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ያልተቻለ እንደሆነ ግን ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ይኸው ስሌት መስመር ከፍቶ መዝጋትን በየጊዜው መደጋገም ለምን እንደሚጎዳ ያሳያል። ቲሲፒ መስመሩን ለማቋቋም አንድ ደርሶ መልስ ይፈልጋል፤ መስመሩ የሚመሰጠር ከሆነ በአዲሱ አሠራር ሌላ አንድ ይጨመራል፤ ይለፍ ቃል ለመስጠት ሌላ አንድ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ጥያቄ የሚላከው። በአራት ደርሶ መልስ ከ200 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ጠፍቶ የተገኘው አንድ መልስ ብቻ ነው። ስለዚህ ላይብረሪዎች የተከፈቱ መስመሮችን በክምችት ይይዛሉ፤ ክምችቱ በሙያው ፑል ይባላል። ጥያቄ ያለው የፕሮግራሙ ክፍል ከክምችቱ አንድ መስመር ይዋሳል፤ ጠይቆ መልሱን ይቀበላል፤ መስመሩን ይመልሳል፤ ሌላውም ያንኑ መስመር ይዋሳል። ውለታው የተመሠረተው በአንድ ያልተጻፈ ቃል ኪዳን ላይ ነው፤ መስመሩ ሲመለስ ባዶ መሆን አለበት። ያልተነበበ መልስ ያለበትን መስመር መመለስ፣ ከነደብዳቤው የተረሳ ቦርሳ ለሚቀጥለው ሰው እንደ ማዋስ ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2023 የሆነውም ይኸው ነው። ኦፕንኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቻትጂፒቲ የተሰኘውን አገልግሎቱን በዚያ ቀን ለማቋረጥ ተገደደ፤ ምክንያቱንም ከጥቂት ቀናት በኋላ በይፋ ገለጸ። አንዳንድ ተጠቃሚዎች በገጻቸው ላይ የሌሎችን ሰዎች ውይይት አርእስት አይተው ነበር። ከዚህም የከፋው፣ በአንድ የዘጠኝ ሰዓት ጊዜ ውስጥ አገልግሎቱን ይጠቀሙ ከነበሩት ከፋይ ደንበኞች መካከል የ1.2 በመቶው ስም፣ የኢሜይል አድራሻ፣ የክፍያ አድራሻ፣ የካርዳቸው የመጨረሻ አራት አኃዝና ካርዱ የሚያበቃበት ቀን ለሌሎች ደንበኞች ሳይታይ እንዳልቀረ ኩባንያው አስታወቀ። ሙሉው የካርድ ቁጥር ግን አልወጣም።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነበር። ኩባንያው የተጠቃሚዎችን መረጃ ከዋናው ቋት በየጊዜው ላለመጠየቅ ሲል በሬዲስ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከሬዲስ ጋርም በፓይተን የተጻፈው ፕሮግራሙ ሬዲስ-ፓይ በተባለው ላይብረሪ አማካይነት ይነጋገራል። አሠራሩ አንዱ ሥራ መልስ እስኪጠብቅ ሌላው እንዲቀጥል የሚያደርግ፣ አሲንክአይኦ የሚባለው ስልት ነው። በዚህ ስልት አንድ ሥራ መካከል ላይ ሊሰረዝ ይችላል። ተጠቃሚው ገጹን ዘግቶ ሲሄድ ወይም የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ ሥራው ይቋረጣል። አሁን መዝገብ ቤቱን ማስታወስ ይጠቅማል። ጥያቄው ተልኳል፤ መልሱ ገና በመንገድ ላይ ነው፤ ጠያቂው ተሰረዘ። ላይብረሪው መስመሩን ወደ ክምችቱ መለሰው። መልሱ ግን አልተሰረዘም፤ ሬዲስ ስለ መሰረዙ የሚያውቀው ነገር የለምና መልሱን በሰዓቱ ላከ። ሌላ ተጠቃሚ መስመሩን ተዋሰ፤ የራሱን ጥያቄ ላከ፤ ፊት ለፊት ያገኘው ግን የቀደመውን ሰው መልስ ነበር።

አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዓይነቱ መፋለስ ራሱን ያጋልጣል። ቁጥር የሚጠብቀው ክፍል ጽሑፍ ሲመጣለት ፕሮግራሙ ይሰናከልና ስሕተት ይጻፋል። አደጋው ያለው የመጣው መልስ በዓይነቱ ከተጠበቀው ጋር የተመሳሰለ ጊዜ ነው። የተጠቃሚ መረጃ ተጠይቆ የተጠቃሚ መረጃ መጣ፤ የተለየው ሰውየው ብቻ ነው። ያን ጊዜ ማንም የሚጮኽ የለም። ጉድለቱ በላይብረሪው ውስጥ ቀድሞም ነበር፤ በዚያን ዕለት ሌሊት በኩባንያው ሰርቨር ላይ የተደረገ አንድ ለውጥ የሚሰረዙትን ጥያቄዎች ብዛት በድንገት ከፍ ስላደረገው ነው ገሃድ የወጣው። ለብዙዎች አስደናቂ የመሰለው ነገር፣ ማለትም ብዙ ሚሊዮን ሰው የሚገለገልበት ሥራ በአንድ ነጻ ላይብረሪ ጥቂት መስመሮች መሰናከሉ፣ ለዚህ ማኅበር አባላት አዲስ ሊሆን አይገባም። ድልድይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በትልቁ ምሰሶ ሳይሆን በብሎን ነው።

የላይብረሪው ጠባቂዎች ጉድለቱን አርመዋል፤ የእርማቱም ፍሬ ነገር ቀላል ነው። መልሱን ሳይቀበል የተቋረጠ መስመር የሚያጠራጥር መስመር ነውና ይዘጋ እንጂ ወደ ክምችቱ አይመለስ። አዲስ መስመር መክፈት ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ያስከፍላል፤ የሰው ምስጢር ለሌላ ማሳየት ከዚያ እጅግ የበለጠ ያስከፍላል።

ይህ ሁሉ ለፓይተን ብቻ የተነገረ እንዳይመስል ጥቂት ቃል ይጨመር። በጃቫ ጄዲስ የሚባለው ላይብረሪ አንዱ መስመር በአንድ ጊዜ በአንድ የሥራ ክር ብቻ እንዲያዝ ይፈልጋል፤ ሁለት ክሮች አንዱን መስመር አብረው ከያዙ መልሶቹ ይደበላለቃሉ፤ ስለዚህ በክምችት መጠቀም ግድ ነው። ሌቱስ የሚባለው ግን አንዱን መስመር ብዙ ክሮች እንዲጋሩት ሆኖ የተሠራ ነው፤ የማንኛው ጥያቄ በየትኛው ተራ እንደ ሄደ ራሱ ይመዘግባል። ከሁለቱ አንዱ ጥሩ፣ ሌላው መጥፎ አይደለም። መጥፎው የአንዱን ደንብ ለሌላው መገመት ነው። በሚጋሩት መስመር ላይ ደግሞ አንድ ነገር እስኪመጣ ድረስ መስመሩን ይዞ የሚቆም ትእዛዝ መስጠት አይገባም፤ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይታገታሉና። እንዲህ ላለው ሥራ ለብቻው መስመር መክፈት ይሻላል።

እስካሁን የተነገረው መልስ ለሌላ ሰው ስለሚደርስበት ሁኔታ ነው። መልሱ ከነጭራሹ የማይደርስበት ጊዜም አለ፤ በዚህ ላይ ላይብረሪዎች የሚያደርጉት ደግነት አንዳንድ ጊዜ ጉዳት ያመጣል። አንድ የአውቶቡስ ትኬት ቢሮ የተሸጠውን ወንበር በሬዲስ ይቆጥራል እንበል። በየሽያጩ ቁጥሩን በአንድ የሚጨምረው «ኢንክር» የተባለው ትእዛዝ ይላካል። ትእዛዙ ከሄደ በኋላ መስመሩ ቢበጠስ፣ ፕሮግራሙ ከሁለት አንዱን አያውቅም፤ ትእዛዙ ሳይደርስ ጠፍቶ ይሆናል፤ ወይም ደርሶ ተፈጽሞ መልሱ ብቻ በመንገድ ቀርቶ ይሆናል። ብዙ ላይብረሪዎች እንዲህ ሲሆን መስመሩን እንደገና ከፍተው ትእዛዙን ራሳቸው እንዲደግሙ ማድረግ ይቻላል፤ በአንዳንዶቹም ይህ ያለ ማንም ጥያቄ የሚሠራ ልማድ ነው። አንድን ዋጋ የሚያስቀምጥ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ቢፈጸም ውጤቱ ያው ነው። «ኢንክር» ሁለት ጊዜ ቢፈጸም ግን አንድ ሰው የተሳፈረበት ወንበር ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ አውቶቡሱም ባዶ ወንበር ይዞ ሄዶ «ሞልቷል» ተብሎ ይመዘገባል።

መፍትሔው ከመዝገብ ቤቱ የተማረ ነው። ፕሮቶኮሉ ቁጥር ካልሰጠ ፕሮግራመሩ ራሱ ይስጥ። ሬዲስ ከቁልፍና ከዋጋ ሌላ «ስብስብ» የሚባል የአቀማመጥ ዓይነት አለው፤ በስብስብ ውስጥ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይገባም። እንግዲህ ቆጣሪውን ከመጨመር ይልቅ የእያንዳንዱን ትኬት መለያ ቁጥር ወደ ስብስቡ ማስገባት፣ ብዛቱን ሲፈልጉም ስብስቡ ስንት እንደ ያዘ መጠየቅ ይቻላል። ትእዛዙ ሦስት ጊዜ ቢደገም እንኳ ትኬቱ አንድ ነው። ከቆጣሪው ይልቅ ሜሞሪ እንደሚፈጅ እውነት ነው፤ ለአንድ አውቶቡስ ወንበሮች ግን የሚያሳስብ አይደለም።

የመደመር ምልክት ይዞ የሚመጣው «ተፈጽሟል» የሚለው መልስም በልኩ ሊታመን ይገባል። በሜሞሪ ውስጥ ተመዝግቧል ማለት ነው እንጂ በዲስክ ላይ ታትሟል ማለት አይደለም። የትእዛዞች መዝገብ በየሴኮንዱ ወደ ዲስክ እንዲገለበጥ ሆኖ የተዘጋጀ ሰርቨር መብራት በድንገት ቢጠፋበት የመጨረሻዋ ሴኮንድ ሥራ አብራ ልትጠፋ ትችላለች። መብራት የሚቆራረጥበት አካባቢ የሚሠራ ባለሙያ ገንዘብ ነክ ጉዳይን በሬዲስ ብቻ ይዞ ማደር የለበትም።

ኦፕንኤአይ ከደረሰበት በኋላ የላይብረሪውን መታረም ብቻ አልጠበቀም። ከሬዲስ የመጣው መረጃ የጠያቂው ሰው መሆኑን የሚያመሳክር ተጨማሪ ፍተሻ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቷል። ይህም ለማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚቻል ነው። የተጠቃሚውን መለያ በቁልፉ ላይ ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ቁልፉ ከመልሱ ጋር ተመልሶ አይመጣምና። መለያው በዋጋው ውስጥም መጻፍ አለበት፤ መልሱ ሲደርስ ፕሮግራሙ መለያውን ከጠያቂው መለያ ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ መልሱን ጥሎ፣ መስመሩን ዘግቶ፣ ነገሩን ይመዘግባል። ጥቂት ባይትና አንድ ማነጻጸሪያ ብቻ የሚፈልግ ሥራ ነው።

በሥራ ላይ ያለውን ላይብረሪ ለመፈተንም ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመሞከሪያ ሰርቨር ላይ ሁለት ተጠቃሚዎች ይፈጠሩ፤ ስማቸውም እኩል ርዝመት ይኑረው። ክምችቱ አንድ መስመር ብቻ እንዲይዝ ይደረግ። ሬዲስ ትእዛዞችን ለጥቂት ጊዜ እንዲያቆይ የሚያደርገው «ክላየንት ፖዝ» የተባለው ትእዛዝ ለሁለት ሴኮንድ ይሰጥ። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ስሙን ይጠይቅ፤ ከግማሽ ሴኮንድ በኋላም ጥያቄው ይሰረዝ። ወዲያውኑ ሁለተኛው ተጠቃሚ የራሱን ስም ይጠይቅ። የራሱ ስም ከመጣለት፣ ወይም የቀድሞው መስመር ተዘግቶ አዲስ ከተከፈተለት፣ ላይብረሪው ደኅና ነው። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ስም የመጣለት እንደሆነ ግን ፕሮግራሙ በዚያው ቀን ከአገልግሎት ይውጣ።